ዳርዊን በሞቱ ሰዓት ተጸጸተ ወይ?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ባዮሎጂ ነፍሱ ነው። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከኋላ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ይሰማል፤ ጢሙ ደረቱን የሸፈነው ሽማግሌ ፎቶ ይታያል። ተራኪው፣ ቻርልስ ዳርዊን ሊሞት ሲል መጽሐፍ ቅዱስ ያነብ እንደነበር፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ በጻፈው ሁሉ ተጸጽቶ ወደ እምነቱ እንደተመለሰ ይነግረናል። ከሥሩ ልጁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፏል፤ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ የምትል።

አይደለም ብዬ በአንድ ቃል መመለስ እችል ነበር። ግን እኔም በእሱ ዕድሜ የነበርኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። መምህራችን የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ አስተምረው ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘጉና፣ ለፈተና አጥኑት እንጂ አትመኑት አሉን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አጠናሁት፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝና ዳርዊን ማለት ለእኔ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ያለ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ በቃ። ሰውየው በእርግጥ ምን እንዳለና ምን እንዳላለ ለማወቅ የፈለግሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው።

ስለዚህ ለልጁ በአንድ ቃል ከመመለስ የሰውየውን ሕይወት ልንገረው አልኩ። እናንተም አብራችሁ ስሙ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርዊን በ1809 እንግሊዝ አገር፣ ሽሮዝበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሀብታም ሐኪም ነበሩ። እናቱን ያጣው በስምንት ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስት ሲሞላው አባቱ ሕክምና እንዲማር ወደ ኤደንብራ ላኩት። ያኔ ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሕፃን በቁሙ ሲቀደድ አይቶ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ፤ ሁለተኛም አልተመለሰም። ከኤደንብራ ይዞት የወጣው ትልቁ ሙያ የሞተ ወፍ ቆዳ ማድረቅ ነው። ያንን ያስተማረው ደግሞ ከጉያና የመጣ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ነበር፤ ጆን ኤድመንስተን ይባላል። ይህ ሙያ በኋላ የዳርዊንን ሕይወት እንደሚቀይር ሁለቱም አላወቁም።

አባትየው ልጁ ሐኪም እንደማይሆን ሲገባቸው ሌላ መላ ዘየዱ። ቄስ ይሁን አሉ። አዎ፣ ዳርዊን ካምብሪጅ የገባው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ለመሆን ነው። ከትምህርቱ ይልቅ ጢንዚዛ መሰብሰብ ይወድ ነበር። አንድ ቀን በሁለት እጁ ሁለት ጢንዚዛ ይዞ ሦስተኛ ቢያይ፣ አንዱን አፉ ውስጥ ከተተው፤ ጢንዚዛዋም የሚያቃጥል ፈሳሽ ምላሱ ላይ ለቀቀችበት።

በካምብሪጅ ከወደዳቸው ጥቂት መጻሕፍት መካከል ዊሊያም ፔሊ የሚባሉ ቄስ የጻፏቸው ይገኙበታል። የፔሊ ክርክር ዛሬም በየስልካችን ስለሚዞር ላስታውሳችሁ። ሜዳ ላይ ስትሄድ ሰዓት ወድቆ ብታገኝ፣ ጥርሶቹና ሽቦዎቹ እንዲህ ተሰናስለው ስታይ፣ ሠሪ እንዳለው ታውቃለህ። ዓይንም ክንፍም ከሰዓት የበለጠ የረቀቁ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን እንዳለ አድርጎ የሠራ ሠሪ አለ። ወጣቱ ዳርዊን ይህን ክርክር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞት ነበር፤ ያምንበትም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰውየው የሃይማኖተኞቹን ክርክር ሳይሰማ ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የወረወረ አይደለም።

በ1831 መጨረሻ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ቢግል በምትባል የመንግሥት መርከብ ተሳፍሮ ወጣ። አባቱ ሥራ ፈትነት ነው ብለው ከልክለውት ነበር፤ አጎቱ ናቸው አማልደው ያስፈቀዱለት። ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው ጉዞ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። መርከቧ ላይ ሳለ በሥነ ምግባር ክርክር መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ ሲሟገት መኮንኖቹ ይስቁበት ነበር። ያኔ አማኝ ነው።

ታዲያ ምን ነካው? ተረቱ ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ወርዶ የወፎቹን አፍ እንዳየ ወዲያው በራለት ይላል። እንዲያ አልሆነም። በ1835 እዚያ የቆየው አምስት ሳምንት ገደማ ነው። ከሰበሰባቸው ትንንሽ ወፎች አብዛኞቹን ከየትኛው ደሴት እንደያዛቸው እንኳ አልመዘገበም፤ ደባልቋቸዋል። ነገሩ የተገለጠው ለንደን ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1837 ጆን ጉልድ የተባለ የወፍ ሊቅ ናሙናዎቹን መርምሮ፣ ዳርዊን የተለያየ ወገን የመሰሉት ወፎች ሁሉ የአንድ ቤተሰብ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን ነገረው። አንዱ ወፍራም አፍ አለው፣ ሌላው ቀጭን፤ ግን ዘመዳሞች ናቸው። የሚመስሉትም የደቡብ አሜሪካን ወፎች ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ጀመረ። በደቡብ አሜሪካ ሜዳ ላይ የጠፉ ግዙፍ እንስሳትን አጥንት ቆፍሮ አውጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ጀርባቸው እንደ ጋሻ የጠነከረ ነው። ዛሬ በዚያው አገር የሚኖረው አርማዲሎ የሚባል ትንሽ እንስሳም ጀርባው ጋሻ ነው። ለምን እዚያው? እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው ተሠርቶ ለኑሮው በሚስማማው ቦታ የተቀመጠ ከሆነ፣ የሞቱትና በሕይወት ያሉት በአንድ አገር ለምን ዘመድ ይመስላሉ?

ከሁሉ የምወድለት ክርክር ግን የእንቁራሪቷ ነው። ከየብስ ርቀው ከውቅያኖስ መሃል የበቀሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አሉ። እርጥብ ናቸው፣ ደን አላቸው፣ ለእንቁራሪት ገነት ናቸው። የአገሬው እንቁራሪት ግን አልነበረባቸውም ማለት ይቻላል። ሰው ወስዶ ሲለቅባቸው ደግሞ በአንዳንዶቹ እስኪያስመርር ተራብቷል። የአገሬው አጥቢ እንስሳም የለባቸውም፤ የሌሊት ወፍ ሲቀር። ዳርዊን የጠየቀው ቀላል ነገር ነው። ፈጣሪ እያንዳንዱን ደሴት ለብቻው ከሞላው፣ ለምን የሌሊት ወፍ ሰጥቶ አይጥ ከለከለ? ለምን እንቁራሪት ከለከለ? በዘር ሐረግና በጉዞ ካሰብነው ግን መልሱ ግልጽ ነው። የሌሊት ወፍ ባሕሩን በክንፏ ትሻገራለች። የእንቁራሪትን እንቁላል የባሕር ጨው ይገድለዋል።

በወሬ አላበቃም። ዕፅዋትስ ደሴቶቹ ላይ እንዴት ደረሱ ብሎ ቤቱ ውስጥ የዘር ዓይነቶችን ጨው ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ። ከ87 ዓይነት ዘር 64ቱ ከ28 ቀን በኋላ በቀሉ፤ ጥቂቶቹ ከ137 ቀን በኋላም በቅለዋል። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። ለብቻ ተፈጠሩ የሚለው ሐሳብ የሌሊት ወፍ ብትኖርም ባትኖርም፣ እንቁራሪት ብትገኝም ባትገኝም እኩል ይስማማዋል፤ እንዲያ ተፈቅዶ ነው ብሎ ያልፋል። የዳርዊን ሐሳብ ግን ሊሸነፍ ይችላል። ዘሮቹ ሁሉ ጨው ውስጥ ቢሞቱ ኖሮ ከባድ ችግር ነበረበት። ሳይንስ የሚባለው ይሄ ነው፤ የሚሸነፍበትን በር ክፍት ትቶ መከራከር።

ዋናውን ሐሳብ ያገኘው በ1838 ነው። ከሚኖሩት የሚበልጡ ይወለዳሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ለአካባቢያቸው የተሻለ የሚስማሙት በሕይወት ቆይተው ይወልዳሉ፤ ጠባያቸውንም ያወርሳሉ። ይህ በብዙ ሺህ ትውልድ ሲደጋገም ዝርያ ይለወጣል። የተፈጥሮ ምርጫ ያለው ይህንኑ ነው። ሐሳቡን ለዓለም ያሳተመው ግን በ1859 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ምን ሲያደርግ ቆየ?

ስምንቱን ዓመት ያህል በመርከብ ሆድና በባሕር ድንጋይ ላይ የሚጣበቁ ቅርፊታም እንስሳትን ሲያጠና አሳለፈ። እርግብ አራቢዎች ጋር ሄዶ እርግብ አረባ። ደግሞም አንድ ልማድ ነበረው። ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ካነበበ ወይም ካሰበ እዚያው ወዲያው ይጽፈዋል፤ የማይመቸንን ነገር ከሚመቸን ይልቅ ቶሎ እንደምንረሳ በራሱ ላይ አስተውሎ ነበርና። እኔ ይህን ሳነብ አፈርኩ። የሚቃወመኝን ነገር ጽፌ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም፤ ብሎክ ነው የማደርገው።

ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሚስቱ ኤማ። ኤማ አጥብቃ የምታምን ሴት ነበረች። ገና ሳይጋቡ ስለ ጥርጣሬው አልደበቃትም። ከተጋቡ በኋላ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ጭንቀቷ ከሞት በኋላ ለዘለዓለም እንዳይለያዩ ነው። ዳርዊን ያን ደብዳቤ ዕድሜውን ሙሉ አልጣለውም። በግርጌው ላይ ብዙ ጊዜ ስሞት እንዳለቀሰበት ጽፎ ትቶላታል። በ1851 ደግሞ የአሥር ዓመት ልጃቸው አኒ ሞተች። ሲያስታምማት የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት እየላላ የመጣው እምነቱ ከዚህ ሐዘን በኋላ እንዳላገገመ ብዙ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። እንግዲህ ሰውየው በእምነት ላይ ሊሳለቅ ብዕር ያነሳ ቢመስላችሁ ቤቱን አስቡት።

በ1858 አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለ ሌላ አሳሽ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ጽሑፍ ላከለት። ሐሳቡ ቁርጥ የእሱው ነው። በዚያው ሰሞን ሕፃን ልጁ በበሽታ ሞተበት። የሁለቱም ጽሑፍ ለንደን ላይ አንድ ላይ ሲነበብ ዳርዊን ሐዘን ላይ ስለነበር አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1859፣ የዝርያዎች አመጣጥ የተሰኘው መጽሐፉ ወጣ። መጀመሪያ የታተመው 1,250 ቅጂ ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ነው ለአክስቴ ልጅ ከሁሉ በላይ እንዲደርሰው የምፈልገው። ዳርዊን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በራሱ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ችግሮች ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መድቧል። ዛሬ በቲክቶክ ዳርዊንን ድባቅ መታነው ተብለው የሚቀርቡ ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ አሉ፤ የጠየቃቸውም ራሱ ነው፤ ያውም አሳምሮ።

ዓይንን ውሰዱ። ይህን የመሰለ ረቂቅ ነገር በተፈጥሮ ምርጫ ተሠራ ማለት ለጆሮ የማይገባ እንደሚመስል ጽፏል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆርጠው ዳርዊን ራሱ አመነ እያሉ የሚያዞሩ ሞልተዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን አይለጥፉም። ቀጥሎ የሚለው፣ ከተራ ዓይን እስከ ረቂቅ ዓይን ድረስ ደረጃዎች ካሉና እያንዳንዱ ደረጃ ለባለቤቱ የሚጠቅም ከሆነ ችግሩ ይፈታል ነው። ደረጃዎቹ ደግሞ ዛሬም በሕይወት አሉ። ብርሃንና ጨለማን ብቻ የሚለይ ጠፍጣፋ ትል አለ። ዓይኑ ሌንስ የሌለው፣ ቀዳዳ ብቻ የሆነ ናውቲለስ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ። በ1994 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች አስልተው፣ ከብርሃን ተቀባይ ቆዳ ተነስቶ ባለ ሌንስ ዓይን ለመድረስ ከ400 ሺህ ያነሰ ትውልድ እንደሚበቃ አሳይተዋል። ትውልዱ አንድ ዓመት ለሆነ ዓሣ ይህ በምድር ዕድሜ ሲታይ ኢምንት ነው።

የሰዓት ሠሪው ክርክር ሌላም ጉድ አለበት። የስልካችሁን ካሜራ አስቡት። ገመዶቹን ከሌንሱና ከሴንሰሩ መሃል የሚዘረጋ መሐንዲስ ታውቃላችሁ? የእኛ ዓይን ግን እንዲያ ነው የተዘረጋው። ነርቮቹ ከብርሃን ተቀባዩ ፊት ያልፉና በአንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ በዚያች ቦታ ላይ ሁላችንም ዕውር ነን፤ አእምሯችን ነው የሚሞላልን። የኦክቶፐስ ዓይን ግን ነርቩ ከኋላ ነው። ይህ በዘር ሐረግ ሲታይ ይገባል። ተፈጥሮ ያላትን ጠጋግና ነው የምትሠራው፤ ሁሉን አፍርሳ ከአዲስ አትጀምርም።

ሁለተኛው የቅሪተ አካል ነገር ነው። በዓሣና በእግረኛ፣ በእንስሳና በወፍ መካከል ያለው የት አለ? ዳርዊን ይህን በሐሳቡ ላይ ሊነሱ ከሚችሉ ከባዱ ተቃውሞ ብሎታል። መልሱም፣ ሞቶ ድንጋይ መሆን ብርቅ ነገር ነው፤ የቆፈርነውም ከምድር ጥቂቱን ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ ማምለጫ ሊመስል ይችል ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1861፣ ጀርመን አገር አርኪዮፕተሪክስ ተገኘ። ላባ አለው፤ ደግሞም ጥርስና እንደ እንሽላሊት ረዥም ባለ አጥንት ጅራት አለው። በ2004 ደግሞ ተመራማሪዎች ዓሣ ወደ የብስ ወጣ በሚባልበት ዘመን የተሠሩ ዓለቶችን በካርታ መርጠው ወደ ካናዳ ሰሜን ጫፍ ሄዱ። ያገኙት ቲክታሊክን ነው። የ375 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ቅርፊትና ክንፍ እያለው አንገትና የእጅ አንጓ ያበጀ ዓሣ። የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ተነግሮ ነው የተገኘው። የሚያስቀው፣ በሁለት ቅሪተ አካላት መካከል ሦስተኛ ስታገኝ ተቃዋሚው አሁን የጎደለው አንድ ሳይሆን ሁለት ሆነ ይልሃል።

ዳርዊን የተሸነፈበትም አለ፤ እሱንም አልደብቅም። ወላጅ ለልጅ ጠባዩን እንዴት ያወርሳል ለሚለው የሰጠው መልስ ስህተት ነበር። ፍሊሚንግ ጄንኪን የተባለ መሐንዲስ በ1867 በዚያን ዘመን በነበረው እውቀት አፋጠጠው። ቡናና ወተት እንደሚደባለቀው የወላጆች ጠባይ ከተደባለቀ፣ ጥሩው ጠባይ በጥቂት ትውልድ ይቀጥናል አይደል? ዳርዊን ተጨነቀ። መልሱ ግን አንድ ዓመት ቀድሞ ታትሞ ነበር፤ ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ በአተር ላይ ባደረገው ሙከራ ውርስ እንደ ቡናና ወተት እንደማይደባለቅ አሳይቷል። ዓለም ያነበበው በ1900 ነው። ኬልቪን የተባለው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅም ምድር በምትቀዘቅዝበት ፍጥነት አስልቶ፣ ለዝግመተ ለውጥ የሚበቃ ጊዜ የለም አለ። ዳርዊን ለዚህም አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ሞተ። በኋላ ራዲዮአክቲቭ የሚባለው ጨረር ተገኘና የድንጋይ ዕድሜ መለካት ተቻለ፤ ምድር ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆነች።

ጄንኪንና ኬልቪን ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። ቁጥር አቀረቡ፤ ቁጥራቸው ሊፈተሽ ይችል ነበር፤ ተፈተሸና ወደቀ። በፈተናውም ሳይንሱ በረታ። ዛሬ በየግሩፑ የሚዞሩት ጥያቄዎች ችግራቸው ዝግመተ ለውጥን መጠየቃቸው አይደለም። መልስ ሲሰጣቸው የማይሰሙ መሆናቸው ነው።

ለምሳሌ ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ ለምን እስካሁን አለ ይባላል። ዳርዊን ከዛሬው ዝንጀሮ መጣን አላለም። ዘመዳሞች ነን፣ የጋራ ቅድመ አያት አለን ነው ያለው። አንተና የአጎትህ ልጅ አንድ አያት አላችሁ፤ አንተ ስለተወለድክ የአጎትህ ልጅ መጥፋት አለበት? ቲዎሪ ብቻ ነው ደግሞ ይላሉ። በሻይ ቤት ወሬ ቲዎሪ ማለት ግምት ነው። በሳይንስ ግን ብዙ መረጃ አንድ ላይ የሚያብራራና ፈተና ያለፈ ማብራሪያ ነው፤ በሽታ ከጀርም ይመጣል የሚለውም በዚህ ትርጉሙ ቲዎሪ ነው። ሁሉ ነገር ወደ መበታተን ይሄዳል፣ ስለዚህ ሕይወት ሊራቀቅ አይችልም የሚለውም አለ። ያ ሕግ የሚሠራው ከውጭ ኃይል ለማይገባበት ነገር ነው። ለምድር ፀሐይ አለቻት፤ ባትኖር ኖሮ ከአንዲት ፍሬ ዋርካም አይወጣም ነበር።

ዳርዊን ስለ ሰው በዝርዝር የጻፈው በ1871 ነው። ያኔ ከጥንታዊ ሰው አጥንት የተገኘው እፍኝ አይሞላም፤ ከአፍሪካ ደግሞ ምንም። እሱ ግን ያችን የአርማዲሎ ሐሳብ አነሳ። የሞቱትና ያሉት ዘመዳሞች በአንድ አገር የሚገኙ ከሆነ፣ ለእኛ የሚቀርቡት ጎሪላና ቺምፓንዚ ያሉት አፍሪካ ነውና፣ የጥንት ቅድመ አያቶቻችንም አፍሪካ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም አለ። እርግጠኛ ነኝ አላለም። ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ለአሥርተ ዓመታት ፊታቸውን ወደ አውሮፓና እስያ አዞሩ።

ኖቬምበር 24 ቀን 1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ ሉሲ ተገኘች፤ የእኛዋ ድንቅነሽ። ቀኑን አያችሁት? መጽሐፉ ከወጣ ልክ በ115ኛ ዓመቱ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ዳሌዋና ጉልበቷ ቆማ እንደሄደች ይናገራሉ፤ የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙ አይርቅም። ከዚያ ወዲህ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ፣ የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም ከዚያው ከአፋር ወጥተዋል፤ ከቆፋሪዎቹም የእኛው ሊቃውንት አሉበት። አፅሟ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። በታክሲ የምንደርስበት ቦታ ያለ ማስረጃ ትተን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንጠይቃለን።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ሲቋረጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ጀርሞች ተርፈው ይባዛሉ። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ ነው፤ በሰው ሳንባ ውስጥ። ለፈተና ብቻ አጥንቶ ያለፈው ተማሪ ነገ ነርስ ወይም ሐኪም ይሆናል።

እምነትስ? ዳርዊን ራሱን አምላክ የለም ባይ ብሎ አያውቅም፤ በመጨረሻ ዘመኑ የማላውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዋነኛ ደጋፊው የነበረው የሃርቫርዱ አሳ ግሬይ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ደግሞ የኦርቶዶክስ አማኝ ነበር። በ1973 ያለ ዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ትርጉም እንደማይሰጥ የሚሞግተውን ዝነኛ ጽሑፉን ሲያወጣ እምነቱን አልካደም። ይህን የምለው እመኑ ወይም አትመኑ ለማለት አይደለም። ሁለቱን ማስታረቅ የእያንዳንዱ ሰው የቤት ሥራ ነው። በሐሰት ክርክር ግን ማንም አይታረቅም።

አሁን ወደ ሞት አልጋው እንምጣ። ዳርዊን በኤፕሪል 19 ቀን 1882፣ በ73 ዓመቱ፣ ዳውን በተባለችው መንደር ቤቱ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በታላቁ የዌስትሚኒስተር ደብር ቀበረችው። የጸጸቱ ታሪክ የታተመው በ1915፣ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ ነው፤ አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ፣ ሌዲ ሆፕ በተባሉ ወንጌላዊት አንደበት። በ1922 ልጁ ሄንሪየታ፣ አባቷ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው፣ ሴትየዋ በዚያ ሕመሙ ጊዜ ፈጽሞ እንዳልነበሩ፣ አባቷም ከሐሳቡ እንዳልተመለሰ በጽሑፍ አስተባበለች።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ኤማ ናት። አልጋው ጎን የነበረችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የጸለየችው በወዲያኛው ዓለም እንዳይለያዩ ነው። ባሏ በመጨረሻው ሰዓት ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ከእሷ በላይ ደስ የሚለው፣ ከእሷም ቀድሞ የሚያወራ ማን ነበር? ከእሱ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። ይህን ታሪክ ግን አንድም ቀን አልተናገረችም። አጥብቃ ታምን ነበር፤ ለእምነቷ ብላ ግን አልዋሸችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለልጁ ጻፍኩለት። ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ። ቪዲዮውን ለክፍላቸው ግሩፕ ቀድሞ ልኮት ኖሯል፤ ስልሳ ምናምን ሰው ልብ ሰጥቶታል። አሁን ምን ልበላቸው ይለኛል።

እንደተሳሳትክ ንገራቸው አልኩት። ሰውየው በራሱ መጽሐፍ ላይ ያደረገውን አንተ በአንድ ቪዲዮ ላይ ማድረግ አያቅትህም።

ማታ ላይ ግሩፑ ላይ የጻፈውን በስክሪንሾት ላከልኝ። አንዱ ተሳድቧል፣ አንዱ ስቋል። ከሥራቸው አንዲት ልጅ ግን እንዲህ ጠይቃለች፤ እንቁራሪት ባሕር የማትሻገር ከሆነ፣ እንሽላሊት ደሴት ላይ እንዴት ደረሰች ብላ። ልጁ መልሱን አያውቀውም። እሁድ አብረን ልንፈልግ ተቀጣጥረናል።